የፍቺ ደረሰኝ ለምን ይቀመጣል?



ብዙዎቻችሁ ይዛችሁት የመጣችሁትን ጥያቄ ስለማውቀው መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአሜሪካ ለፍቺ ጠበቃ የከፈላችሁት ገንዘብ ከፌዴራል ታክሳችሁ አይቀነስም። አምስት ሺህ ዶላርም ይሁን ሃምሳ ሺህ፣ በክሬዲት ካርድ ከፈላችሁም ከዘመድ ተበድራችሁ፣ አይቀነስም። ለፍርድ ቤት የከፈላችሁት የመዝገብ ማስከፈቻም አይቀነስም። ሽማግሌ ለማስቀመጥ አዲስ አበባ ድረስ የተሄደበት የአውሮፕላን ትኬት እንኳንስ ሊቀነስ፣ ለታክስ ሠሪው መንገሩም አይረባ። ሕጉ ትዳርን የግል ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው፤ የግል ወጪ ደግሞ የራስ ዕዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደረሰኝ ማጠራቀሙ ምን ይጠቅማል ትሉኛላችሁ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። የፍቺ ወረቀት የሚያገለግለው በሚመጣው ኤፕሪል አይደለም። ቤቱ ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሸጥ፣ ልጁን ሁለት ወላጆች በየፊናቸው ሲያስመዘግቡት፣ በቀድሞ ባል ወይም ሚስት ስም የመጣ የታክስ ዕዳ በር ሲያንኳኳ ነው። ያን ጊዜ ወረቀት ያለው ይተርፋል፤ የሌለው ይከፍላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

የፍቺ ወጪ አይቀነስም የሚለው ደንብ የቆየ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶን ጊልሞር የሚባል ሰው ነበር። የጄኔራል ሞተርስን መኪኖች በሚሸጡ ሦስት ኩባንያዎች ውስጥ አብላጫውን አክሲዮን ይዟል። ከሚስቱ ጋር ፍርድ ቤት ሲቆሙ በትዳሩ ላይ ማግጧል ስትል ከሰሰችው፤ ከአክሲዮኑም ድርሻዬን አለች። ሰውየው ፈራ። አክሲዮኑ ከተከፈለ ኩባንያዎቹን የማዘዝ ሥልጣኑ ይሄዳል፤ ማግጧል ተብሎ ከተፈረደበት ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ ውሉን ሊሰርዝበት ይችላል። ስለዚህ በ1953 እና በ1954 ለጠበቃ ከ40,000 ዶላር በላይ አፈሰሰ። በዚያ ዘመን ይህ ገንዘብ ቤት ይገዛል። ክሱንም ረታ። ከዚያ በኋላ ወጪውን ያወጣሁት እንጀራዬን ለማዳን ነውና ከታክሴ ይቀነስልኝ ብሎ ከመንግሥት ጋር ተሟገተ።

ሙግቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1963 የሰጠው ውሳኔ ዛሬም ይሠራል። መታየት ያለበት ክርክሩ ከየት እንደመነጨ ነው እንጂ ብትሸነፍ ምን ይደርስብህ ነበር የሚለው አይደለም ተባለ። ምንጩ ትዳር ከሆነ ወጪው የግል ነው። ሱቅህ ይዘጋ፣ መኪናህ ይሸጥ፣ ለውጥ የለውም።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኡበር የሚነዳ፣ ታክሲ ያለው፣ ትንሽ ምግብ ቤት የከፈተ ወገናችን ዛሬም በጊልሞር አፍ ይናገራል፤ ጠበቃ የያዝኩት ሥራዬ እንዳይከፈል ነው ይላል። ነገሩን የሚያባብሱ ታክስ ሠሪዎችም አልጠፉም። የፍቺ ጠበቃውን ክፍያ የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ስኬጁል ሲ ላይ የሙያ አገልግሎት በሚለው መስመር ሸጎጥ ያደርጉና ሪፈንዱን ከፍ ያደርጉታል። ደንበኛው ያመሰግናል፤ ለወዳጁም ያስተዋውቃል። የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ ሲደርስበት ግን ታክሱን ከነወለዱ ያስከፍላል፤ በላዩም ባነሰው ታክስ ላይ 20 በመቶ መቀጫ ሊጥል ይችላል። ቅጣቱን የሚከፍለው ደንበኛው ነው። በዚህ መስመር ላይ በትክክል የሚገባው ከሥራው ጋር በቀጥታ ለተያያዘ ጉዳይ ለሒሳብ ባለሙያ ወይም ለጠበቃ የተከፈለው ብቻ ነው።

ቀድሞ ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። ታክስ የሚከፈልበት ቀለብ ለማስወሰን ወይም በፍቺው ላይ የታክስ ምክር ለማግኘት ለጠበቃ የተከፈለው ክፍያ በተወሰነ መጠን ይቀነስ ነበር። በዲሴምበር 2017 የወጣው የታክስ ሕግ ከ2018 ጀምሮ ዘጋት፤ እስከ 2025 ብቻ የሚቆይ መስሎን ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ለዘለቄታው አሽጓታል። ከአሥር ዓመት በፊት የተፋታ ወዳጃችሁ እኔ ተቀንሶልኛል ቢላችሁ አልዋሸም፤ ዘመኑ አልፏል እንጂ።

አሁን ወደ ጊልሞር ልመልሳችሁ፤ ሰው የማያወራው ሁለተኛው ክፍል ይቀራልና። ሰውየው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሸነፈ በኋላ ያንኑ ወጪ ይዞ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት እንደገና ቀረበ። በዚህ ጊዜ ከገቢዬ ይቀነስልኝ አላለም። አክሲዮኔን ላለመነጠቅ ያወጣሁት ስለሆነ በአክሲዮኑ መነሻ ዋጋ ላይ ይደመርልኝ አለ። በ1965 ተፈረደለት። መነሻ ዋጋው ከፍ ሲል ከሽያጩ የሚገኘው ትርፍ ዝቅ ይላል፤ ታክሱም አብሮ ይቀንሳል።

የአይ አር ኤስ የፍቺ መመሪያ የሆነው ፐብሊኬሽን 504 ዛሬም ይህን በር ክፍት አድርጎታል። ቤቱን በእናንተ ስም ብቻ ለማዞር ሰነዱን ለማዘጋጀትና ለማስመዝገብ የከፈላችሁት ወጪ በቤቱ መነሻ ዋጋ ላይ ሊደመር ይችላል። ችግሩ የጠበቆች ደረሰኝ ነው። አብዛኛው «የሕግ አገልግሎት» ይልና አንድ ድምር ያስቀምጣል። ከዚያ ድምር ውስጥ የትኛው ለቤቱ ሰነድ፣ የትኛው ለልጅ አስተዳደግ፣ የትኛው በስልክ ለመነታረክ እንደተከፈለ ከዓመታት በኋላ ማንም መለየት አይችልም። ሥራው እየተሠራ ሳለ ጠበቃውን በየዓይነቱ ከፋፍለህ ጻፍልኝ ማለት ምንም አያስከፍልም። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ መጠየቅ ግን ራሱ በሰዓት ሊያስከፍል ይችላል።

የሰነዱ ወጪ ትንሽ ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ቤቱ ራሱ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ባልና ሚስት በ2008 ቤት በ300,000 ዶላር ገዙ እንበል። በ2024 ሲፋቱ ቤቱ 800,000 አወጣ። ነገሩ እንዲቀለን የባንክ ብድሩን እንተወው። ሚስትየዋ ልጆቿን ይዛ እዚያው ለመኖር ለባሏ ግማሹን፣ ማለትም 400,000 ዶላር ሰጥታ ቤቱን ጠቀለለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ በ850,000 ሸጠችው። ይህች ሴት ቤቱ ብዙ ፈጅቶብኛል፤ ግማሹን ያኔ ገዝተናል፣ ግማሹን በ400,000 ገዝቻለሁ ብላ ብታስብ ማን ይፈርድባታል?

ሕጉ ግን እንደዚያ አይቆጥርም። ከ1984 ጀምሮ በፍቺ ምክንያት ባልና ሚስት የሚተላለፉት ንብረት በዕለቱ ታክስ አይጠየቅበትም፤ በምትኩ የድሮው መነሻ ዋጋ እንዳለ ወደ ተቀባዩ ይሻገራል። ለባሏ የሰጠችው 400,000 ዶላር መነሻ ዋጋውን በአንድ ሳንቲም አያሳድገውም። መነሻዋ ያው 300,000 ነው፤ ትርፏም 550,000። ላላገባ ሰው ሕጉ የሚምረው 250,000 ነው። በቀረው 300,000 ላይ በ15 በመቶ ብናሰላ ለፌዴራል ብቻ 45,000 ዶላር ትከፍላለች። ገቢዋ ከ200,000 ስለሚያልፍ በከፊሉ ላይ 3.8 በመቶ ይጨመራል፤ የስቴቱ ደግሞ አለ። ሽምግልናው ላይ ቤቱ ላንቺ፣ ገንዘቡ ለሱ፣ እኩል ተካፈላችሁ ያሉት ሽማግሌዎች ይህን አላዩትም። ብዙ ጠበቆችም አያዩትም።

የደረሰኝ ዋጋ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጣሪያው ተቀይሯል፣ ኩሽናው ታድሷል፣ ቤዝመንቱ ተሠርቶ መኝታና መታጠቢያ ወጥቶለታል። ይህ ሁሉ 90,000 ዶላር ከፈጀ በመነሻ ዋጋው ላይ ይደመራል፤ በ15 በመቶ ስሌት 13,500 ዶላር ያድናታል። ቀለም መቀባትና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማሠራት ጥገና ስለሆነ አይቆጠርም። እኛ ዘንድ ግን ቤዝመንቱን የሠራው የሠፈር ልጅ ነው፤ የተከፈለውም በካሽ ነው፤ ደረሰኝ ስጠኝ ማለት እንደ ነውር ይታያል። ያለው ደረሰኝም ቢሆን ባልየው ኢሜይል ውስጥ ነው የሚገኘው። ከተፋቱ በኋላ የጣሪያውን ደረሰኝ ላክልኝ ብሎ መጻፍ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ደንቡ ግን ከእናንተ ጋር ነው፤ ንብረቱን ያስተላለፈው ወገን የመነሻ ዋጋውንና የተገዛበትን ጊዜ የሚያሳይ ማስረጃ በርክክቡ ጊዜ አብሮ እንዲያስረክብ ይገደዳል። ስለዚህ በስምምነቱ ውስጥ አንድ መስመር አስገቡት፤ በፊርማው ዕለትም ወረቀቱን ተረከቡ።

ቤዝመንቱን አከራይታችሁ በየዓመቱ ለእርጅና ተቀናሽ ስትወስዱ ከነበረ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። የድሮዎቹን ሪተርኖች እንዳትጥሏቸው ከማለት በቀር ዛሬ አልገባበትም።

ከቤቱ የወጣውም ወገን የሚይዘው ወረቀት አለው። ቤቱ ሳይሸጥ በሁለቱም ስም ከቆየና በፍቺው ውሳኔ መሠረት አንዱ እዚያ ከኖረ፣ የወጣው ሰው እንደኖረበት ይቆጠርለታል፤ ሲሸጥም የራሱን 250,000 ምሕረት ሊያገኝ ይችላል። ውሳኔው ላይ ስለ መኖሪያው የተጻፈ ነገር ከሌለ ግን ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። በቃል ተስማምተን ነበር የሚለው አይ አር ኤስ ዘንድ ውሃ አያነሳም።

የአዲስ አበባው ንብረት የእኛ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ተናጋሪ አያነሳላችሁም። የአሜሪካ ዜጋና ነዋሪ በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ላይ ይጠየቃል፤ አዲስ አበባ ያለ አፓርታማ ሲሸጥም እንደዚሁ። ስሌቱ በዶላር ነው፤ ግዢው በተገዛበት ቀን ምንዛሪ፣ ሽያጩ በተሸጠበት ቀን ምንዛሪ። በ2014 አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ በ2 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት መነሻው 100,000 ዶላር ነው። ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ፣ ዶላሩ 130 ብር ገደማ ሳለ በ13 ሚሊዮን ቢሸጥም ያው 100,000 ዶላር ነው። በብር 11 ሚሊዮን አትርፋችኋል፤ በዶላር ምንም። ነገር ግን የግዢ ውሉንና ገንዘቡ የተላከበትን የባንክ ወረቀት ካላቀረባችሁ መነሻ ዋጋው ዜሮ ነው ሊባል ይችላል፤ ያኔ መቶ ሺውም ትርፍ ነው። እዚያ የተከፈለ ግብር ካለ ደረሰኙ እዚህ በክሬዲት መልክ ሊያገለግል ስለሚችል አብራችሁ ያዙት።

አንድ ወጥመድም አለ። በፍቺ የሚተላለፍ ንብረት በዕለቱ ታክስ የለበትም ያልኳችሁ፣ ተቀባዩ ለአሜሪካ ታክስ እንግዳ ሰው ከሆነ አይሠራም። ግሪን ካርድ ሳይኖራት ኢትዮጵያ ለምትኖር ሚስቱ ዋጋው ያደገ ንብረት በፍቺ የሚያዞር ሰው የሸጠ ያህል ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ከመፈረም በፊት ባለሙያ የሚጠየቅበት ነገር ነው።

ስለ ቀለብ አጭር ልሁን። የልጅ ቀለብ ከከፋዩ አይቀነስም፤ ከተቀባዩም ታክስ አይጠየቅበትም፤ ድሮም ዘንድሮም። ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የሚከፈለው አሊሞኒ ግን በሁለት ዘመን ይከፈላል። ውሳኔው ወይም ስምምነቱ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2018 የተፈረመ ከሆነ ከፋዩ ይቀንሳል፣ ተቀባዩ እንደ ገቢ ያስመዘግባል። ከዚያ ወዲህ የተፈረመ ከሆነ ሁለቱም የለም። በድሮው ሕግ ያላችሁ ክፍያውን በካሽ አትስጡ፤ በዜል ወይም በቼክ ይሁን፤ የተቀባዩ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ሪተርኑ ላይ መግባት አለበት። ውሉን የምታሻሽሉ ከሆነ አዲሱ ሕግ ይሠራበታል የሚል ቃል እንዳይገባባችሁ አንብቡ። የስቴት ሕግ ከፌዴራሉ ሊለይ እንደሚችልም አትርሱ።

ከሁሉ ይልቅ ጠብ የሚያስነሳው ልጅ ነው። ለ2025 ዕድሜው ከ17 በታች ለሆነ ልጅ ክሬዲቱ እስከ 2,200 ዶላር ነው፤ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ የሚለው ማዕረግና ኧርንድ ኢንካም የሚባለው ክሬዲት ሲታከሉበት ድምሩ ብዙ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ማን የበለጠ ከፈለ፣ ማን የበለጠ ወደደ ብሎ አይደለም። ልጁ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ሌሊት የት አደረ? 183 ሌሊት ያሳደረ ወላጅ 182 ያሳደረውን ይበልጣል። እኩል ከሆነ ገቢው ከፍ ያለው ይወስዳል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እንደ ደረሰኝ ቁጠሩት፤ ልጁ የት እንዳደረ በየቀኑ ምልክት አድርጉ። የትምህርት ቤትና የሐኪም መዝገብ ላይ ያለው አድራሻም ይመሰክራል።

በዚህ ላይ የማታ ሠራተኞች ልብ በሉ። ነርሲንግ ሆም ሌሊት የምትሠራ እናት ልጇን ቀን ቀን የምትይዘው እሷ ሆና፣ ማታ ሥራ ስላለባት ብቻ አባቱ ዘንድ የሚያድር ከሆነ፣ ለእሷ የሚቆጠሩት ቀኖቹ ናቸው። ሕጉ ይህን አስቦበታል፤ የሥራ ፈረቃ ወረቀቷን መያዝ ግን የእሷ ፈንታ ነው።

ዳኛው ልጁን በየተራ ዓመት ይያዙት ቢልም ውሳኔው አይ አር ኤስን አያስገድድም። ልጁ አብሮት ያልኖረው ወላጅ ክሬዲቱን የሚያገኘው አሳዳጊው ፎርም 8332 ላይ ሲፈርምለት ነው፤ ከ2008 በኋላ ለተሰጡ ውሳኔዎች የፍርዱን ግልባጭ ማያያዝ አይበቃም። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድና ኧርንድ ኢንካም ደግሞ በፊርማም አይተላለፉም፤ ከአሳዳጊው ጋር ይቀራሉ።

ገና ያልተፋታችሁ፣ ግን በየቤታችሁ ያላችሁ፣ የምትታዩት በዲሴምበር 31 ባላችሁበት ሁኔታ ነው። ፍርዱ በዚያ ቀን ካላለቀ ባለትዳር ናችሁ። ሆኖም በዓመቱ የመጨረሻ ስድስት ወር ተለያይቶ የኖረ፣ ልጅ ይዞ የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ የሸፈነ ሰው እንዳላገባ ሊቆጠር ይችላል። ይህንን የሚያረጋግጡት የኪራይ ውልና የመብራት ቢል ናቸው።

የመጨረሻው ጉዳይ ፊርማ ነው። በብዙ ቤታችን ታክስ የባል ሥራ ነው፤ ሚስት እዚህ ላይ ፈርሚ ትባላለች። አሁንማ በስልክ ስለሆነ አንዳንዴ መፈረሟንም አታውቅ። በጋራ በተፈረመ ሪተርን ላይ የሚመጣ ዕዳ ግን የሁለቱም ነው፤ አይ አር ኤስ ሙሉውን ከአንዳቸው ሊጠይቅ ይችላል። ፍርድ ቤት ዕዳው የባል ነው ብሎ ቢወስንም መንግሥትን አያስረውም። ያልተመዘገበ የካሽ ገቢ ከነበረና እናንተ ካላወቃችሁ በፎርም 8857 ነጻ አድርጉኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ቀን ስላለው ደብዳቤ በመጣ ጊዜ አትቀመጡ። ያለፉት ዓመታት ሪተርን በእጃችሁ ከሌለ ትራንስክሪፕቱን ከአይ አር ኤስ ያለ ክፍያ ታገኛላችሁ። ሁለታችሁም የምትሄዱበት ታክስ ሠሪ አንድ ሰው ከሆነም ከእናንተ አንዱ ሌላ ይፈልግ፤ የሁለት ተካሳሾች ምሥጢር አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አልልም። የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ ስለሚጠፋ ፎቶ አንሱት። የዓመቱን ሪተርን ቢያንስ ሦስት ዓመት ያዙ። የቤትን ወረቀት ግን ቤቱ ከተሸጠበት ዓመት ሪተርን በኋላ ሦስት ዓመት እስኪሞላ አትጣሉ፤ ያ ማለት ለአንዳንዶቻችሁ ሃያ ዓመት ነው። የፍቺው ውሳኔና ፎርም 8332 ከዚያው ጋር ይቀመጡ።

አቅም የሌለው ሰው ብቻውን አይደለም። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች ከአይ አር ኤስ ጋር በሚነሳ ክርክር በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚቆሙ፣ ሎው ኢንካም ታክስፔየር ክሊኒክ የሚባሉ ቢሮዎች አሉ፤ ዝርዝራቸው በአይ አር ኤስ ፐብሊኬሽን 4134 ላይ ይገኛል። ደብዳቤ የደረሳችሁ፣ ወይም የማታውቁት ዕዳ በስማችሁ የመጣባችሁ ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት ደውሉላቸው።